በደብረ ማርቆስ የሞተር ሳይክል መሪን በነጂው ልክ የማስተካከል አገልግሎት

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሞተር ሳይክል የሚጠግን ቤት ፈልጎ የሚያጣ ሰው የለም፤ ዘይት የሚለውጠው፣ ካንዴላ የሚያጸዳው፣ ካቴና የሚያጠብቀውና ጎማ የሚለጥፈው በየሰፈሩ ነው። የመሪውን ከፍታና ዘንበልታ ከነጂው ቁመትና ከክንዱ ርዝመት ጋር አስማምቶ ለማስተካከል ጊዜ የሚሰጥ ባለሙያ ግን ብርቅ ነው። ይህ ግምገማ የሚመለከተው ይህንኑ ሥራ ከተራው ጥገና ለይቶ፣ ራሱን እንደቻለ አገልግሎት የሚሰጥ አንድ አነስተኛ ጋራዥን ነው። ጋራዡ ከመናኸሪያው ብዙም ሳይርቅ በቆርቆሮ አጥር ውስጥ የሚገኝ ሲሆን በበሩ ላይ የተጻፈ ስም የለውም፤ ደንበኞቹም የሚያውቁት በቦታው ነው።

አገልግሎቱ ለምን እንደሚያስፈልግ ለመረዳት በጎጃም ሞተር ሳይክል ማን እንደሚነዳ ማየት ይበቃል። ከግል ነጂዎች ባሻገር ብዙው ሞተር የመሥሪያ ቤት ነው፤ የግብርና፣ የእንስሳት ሕክምና፣ የጤናና የመስኖ ባለሙያዎች ከወረዳ ከተማ ወደ ቀበሌ የሚወጡት በእርሱ ነው። የመሥሪያ ቤት ሞተር ደግሞ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ንብረት ነው። ሎጋው ባለሙያ ሲዛወር አጭሩ ይረከበዋል፤ በርክክቡ ጊዜ የሻንሲ ቁጥሩ፣ ስፖኪዮውና የመፍቻ ዕቃው ተቆጥሮ ሲፈረም ስለ መሪው አቀማመጥ የሚጠይቅ የለም። የጎጃም ገበሬ እርፉን የሚያስጠርበው በገዛ ቁመቱ ልክ ሲሆን፣ ቀኑን ሙሉ ሞተር ላይ የሚውለው ባለሙያ ግን ሌላ ሰው ለራሱ ባስተካከለው መሪ ላይ ዓመታት ይከርማል።

ከደጀን ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ፣ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በእንጅባራ አድርጎ ባሕር ዳር በሚደርሰው አስፋልት ላይ ብቻ ለሚመላለስ ሰው የመሪው አለመመቸት ቶሎ ላይሰማው ይችላል። ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ጮቄ ተራራ ግርጌ የሚወጣውን ወይም ወደ ዓባይ ቆላ የሚወርደውን ኮረኮንች ለያዘ ነጂ ነገሩ ሌላ ነው፤ ጎማው ያገኘው ድንጋይ ሁሉ በአሞርዛተሩ (የመንገዱን ንረት በሚያበርደው ክፍል) እና በመሪው በኩል አልፎ መዳፍ፣ የእጅ አንጓና ትከሻ ላይ ያርፋል። ክረምት ሲገባም ጭቃው ተነሥቶ ቆሞ መንዳትን ግድ ይላል፤ ለተቀመጠ ሰው የሚመቸው መሪ ለቆመ ሰው ዝቅ ስለሚል ነጂው ጎብጦ ወገቡን ይጎዳል።

እኔ የምነዳው ያማሃ ዲቲ 125 ነው። ከእኔ በፊት የያዘው ባልደረባዬ ከእኔ በብዙ የሚረዝም በመሆኑ መሪውን ወደ ፊት አጋድሎ አስሮት ነበር። እኔ ስይዘው ክንዶቼ እስከ መጨረሻው ይዘረጋሉ፣ ትከሻዎቼ ወደ ጆሮዬ ይሰበሰባሉ፣ የላይኛው የሰውነቴ ክብደትም በመዳፌ ላይ ያርፋል። ረጅም መንገድ በሄድሁ ቁጥር አውራ ጣቴ፣ ጠቋሚዬና የመሀል ጣቴ ይደነዝዙ ነበር። ብዙ ሞተረኛ ይህን የብርድ ሥራ ነው ብሎ ያልፈዋል፤ በእንጅባራም ሆነ በጮቄ ጠዋት ብርዱ ጣት እንደሚያደነዝዝ አይካድም። ልዩነቱ ግን የሚታወቅ ነው፤ ብርድ ጣቶችን ሁሉ ሳይለይ ይይዛል፣ እጅ ሲሞቅም ይለቃል። አውራ ጣትን፣ ጠቋሚንና የመሀል ጣትን መርጦ የሚያደነዝዘው አብዛኛውን ጊዜ አንጓው ታጥፎ ሲቆይ በውስጡ የሚያልፈው ነርቭ መጨቆኑ ነው። የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት ብቻ ከደነዘዙ ደግሞ የመዳፉ ውጨኛ ጠርዝ መጨበጫው ላይ አለቅጥ እየተጫነ መሆኑን ያመለክታል። ድንዛዜው ከሞተር ከወረዱም በኋላ የሚቀጥል፣ ሌሊትም ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ከሆነ ጉዳዩ የመካኒክ ሳይሆን የሐኪም ነው።

ጋራዡን ከሌሎች የሚለየው የመጀመሪያው ነገር ቁልፍ ከማንሣቱ በፊት የሚያደርገው ነው። ሥራውን የሚሠራው ወጣት ሞተሩን በመቆሚያው ሳይሆን ቀጥ አድርጎ በረዳቱ አስያዘና «ጋሼ፣ መጀመሪያ ይቀመጡበት፤ መሪውን አይንኩት። ዓይንዎን ጨፍነው እጅዎን እንደሚመችዎ ወደ ፊት ይዘርጉልኝ» አለኝ። እንደተባልሁት አደረግሁ። ዓይኔን ስገልጥ እጆቼ ከመጨበጫዎቹ በአንድ ጭብጥ ያህል ወደ ኋላ ቀርተው፣ በአየር ላይ ባዶ ይዘው ነበር። ወጣቱ በዚያ ቦታ ላይ መጨበጫው ከእጄ ምን ያህል እንደሚርቅ በሜትር ለካ፣ ከዚያ ቆሜ እንድደግመው ጠየቀኝ፣ በመጨረሻም የምሄድበትን መንገድ አጣራ። «ቆመው የሚነዱት ይበዛል ወይስ ተቀምጠው?» የሚለው ጥያቄ ቀላል ቢመስልም የማስተካከያው አቅጣጫ ሁሉ የሚወሰነው በመልሱ ነው። ለእኔ መልሱ ተቀምጦ ስለሆነ መሪውን ከፍ ከማድረግ ይልቅ ማቅረብ ይቀድማል አለ፤ ትክክልም ነበር።

ቀጥሎ የተደረገው ማላላትና ማጥበቅ ነው፤ ይሁን እንጂ የአሠራሩ ጥንቃቄ በዝርዝር ሊነገር የሚገባው ነው። መሪው የሚታሰረው ሁለት የላይ ማቀፊያዎችን በያዙ አራት ቡሎኖች ነው። ወጣቱ ከማላላቱ በፊት መሪው ማቀፊያውን በሚነካበት ጠርዝ ላይ በጠመኔ መስመር አሰመረ፤ ደንበኛው አዲሱን አቀማመጥ ካልወደደው ወደ ነበረበት ለመመለስ ሌላ ልኬት አያስፈልግም። የቤንዚን ታንኩንም በአሮጌ ካላማዳሪያ ሸፈነው፤ መሪው ሲላላ ወደ ኋላ ወድቆ ቀለሙን እንዳይልጠው ነው። ከዚያ ቡሎኖቹን መሪው በእጅ ሲገፋ እንዲዞር፣ ሲለቁት ግን ባለበት እንዲቆም ያህል ብቻ አላላቸው። እኔ ሞተሩ ላይ ተቀምጬ እያለሁ መሪውን ጥቂት በጥቂት ወደ እኔ አዞረው፣ በየመሀሉም እጄን እያነሣሁ እንድመልስ አደረገኝ። መሪ ወደ ኋላ ሲዞር የሚቀርበውን ያህል ጫፎቹ ዝቅ ይላሉ፤ ልኩን ሲያልፍ ክርን ከጎን ጋር ይጣበቃል፣ አንጓም ወደ ውጭ ይሰበራል። ስለዚህ የተሠራው መሪው ከጎን ሲታይ ከአሞርዛተሮቹ ዘንበልታ ብዙ ሳይወጣ በሚቆምበት ወሰን ውስጥ ነው።

ሲያጠብቅ ያየሁት ደግሞ በሌላ ቦታ ያላየሁት ነው። በብዙ የጃፓን ሞተሮች የላይኛው ማቀፊያ በአንድ ጎኑ ነጥብ ወይም ቀስት የተመታበት ሲሆን ምልክቱ ወደ ፊት መዞር አለበት፤ በእንዲህ ዓይነቶቹ ላይ ቀድመው የሚጠብቁት የፊት ቡሎኖች ሲሆኑ የኋላዎቹ ቀጥለው ይጠብቃሉ፣ የሚቀረው ክፍተትም በኋላ በኩል ይሆናል። ይህን ቅደም ተከተል ሳያውቁ አራቱንም እንደመጣላቸው የሚያጠብቁ ጥቂት አይደሉም፤ ማቀፊያው ሲሰነጠቅ ወይም መሪው በኮረኮንች ላይ ሲንሸራተት ጥፋቱ የዕቃው ይመስላቸዋል። መሪው ስለተንሸራተተ ከለስላሳ ቆርቆሮ ቆርጠው በማቀፊያው ውስጥ የሚጎስሩም አይቻለሁ። ከዚያ የባሰው መሪውን በእሳት አግሎ ማጣመም ነው፤ የጋለ የብረት ቱቦ በተጣመመበት ቦታ ይደክማል፣ የሚሰበረውም ቁልቁለት ላይ ሊሆን ይችላል። እዚህ ጋራዥ ውስጥ አንድ ደንበኛ መሪውን በብየዳ እንዲያቀርቡለት ሲጠይቅ ወጣቱ «አይሆንም ወንድሜ፤ ሌላ መሪ ገዝተህ አምጣ፣ በነፃ አስርልሃለሁ» ብሎ ሲመልሰው ሰምቻለሁ።

ከመሪው ቀጥሎ የፍሬንና የፍሪሲዮን (ማርሽ ሲቀየር የሚያዘው) እጀታዎች ይመጣሉ፤ በእኔ ግምት ከአገልግሎቱ ሁሉ ትልቁ ጥቅም የተገኘው ከዚህ ነው። መሪው ሲዞር እጀታዎቹም አብረውት ይዞራሉ፣ ስለዚህ መሪውን ብቻ አስተካክሎ የሚለቅ መካኒክ ሥራውን ከመሀል አቋርጧል ማለት ነው። ትክክለኛው አቀማመጥ ነጂው ተቀምጦ ጣቶቹን በእጀታው ላይ ሲያሳርፍ ከክርኑ እስከ ጣቶቹ ያለው መስመር ሳይታጠፍ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ነው። የእኔ እጀታዎች ከአግድመቱ ብዙም ያልወረዱ ስለነበሩ ፍሬን በያዝሁ ቁጥር አንጓዬ ወደ ላይ ይታጠፍ ነበር፤ አሁን ጫፋቸው ወደ መሬት ዘንበል ብሏል። ወጣቱ የእጀታዎቹን ማሰሪያ በኃይል አላጠበቀውም፤ ሲወድቅ እጀታው እንዳይሰበር ተገፍቶ መዞር እንዲችል፣ በእጅ ሲሳብ ግን እንዳይነቃነቅ አድርጎ አሰረው። በፈሳሽ የሚሠራ የዲስክ ፍሬን ባላቸው ሞተሮች ላይ ግን አንድ ነገር መታሰብ አለበት፤ የፍሬን ዘይት መያዣው ከእጀታው ጋር ስለሚዞር አለቅጥ ካጋደለና ዘይቱም ካነሰ አየር ሊስብ ይችላል። ጋራዡ ይህን ለደንበኛ ይናገራል፣ የዘይቱንም ልክ በመያዣው ላይ ባለው መስኮት ያያል።

የመጨረሻው ፍተሻ የገመዶቹ ነው። መሪ በቀረበ ወይም ከፍ ባለ ቁጥር የፍሪሲዮኑና የነዳጅ መስጫው ገመድ መንገድ ይለወጣል። ወጣቱ ሞተሩን አስነሥቶ በዝቅተኛ ድምፅ እየሠራ መሪውን እስከ ግራ ጥግ፣ ከዚያም እስከ ቀኝ ጥግ አዞረ። ወደ ግራ ሲዞር ድምፁ በጥቂቱ ከፍ አለ። ይህ ማለት የነዳጅ መስጫው ገመድ ተወጥሯል፣ በጠባብ ቦታ ላይ መሪ ጠምዝዞ የሚዞር ነጂም ሳያስበው ሞተሩ ሊወነጨፍበት ይችላል ማለት ነው። ገመዱን ከፋኖሱ ኋላ ከተያዘበት ፈትቶ በሌላ በኩል አሳለፈው፣ ልልነቱንም ዳግመኛ ለካ። በያማሃ ሞተሮች ላይ የነዳጅ መስጫው ልልነት በአብዛኛው ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር፣ የፍሪሲዮኑ በእጀታው ጫፍ ላይ ሲለካ ከ10 እስከ 15 ሚሊሜትር ነው። ከዚህ በኋላ መሪው ጥግ ሲደርስ መጨበጫው ታንኩን እንዳይነካና ጣት በመሀል እንዳይቀረቀር በእጁ አየ፤ ስፖኪዮዎቹንም እኔ ተቀምጬ አስተካከላቸው።

ጋራዡ ከማስተካከሉ ሌላ መሪን ከፍ የሚያደርጉ የአሉሚኒየም ቁራጮችን ይሸጣል። በመሪውና በታችኛው ማቀፊያ መሀል ገብተው መሪውን ወደ 30 ሚሊሜትር ያነሣሉ፤ ለ22 ሚሊሜትር መሪ፣ ማለትም በአገራችን ለሚበዙት ሞተሮች የሚሆኑ ናቸው። መሪው የተተከለበት ዘንግ ወደ ኋላ ያጋደለ በመሆኑ ከፍ ያለው መሪ በጥቂቱ ወደ ነጂውም ይቀርባል። በባልደረባዬ ሞተር ላይ ተገጥመው ስላየኋቸው በዕቃው ላይ አስተያየት መስጠት እችላለሁ። ቁራጮቹ ራሳቸው ደኅና ተጠርበዋል፣ መሪው የሚያርፍበት ጎድጓዳም ቱቦውን በሚገባ ያቅፋል። አብረዋቸው የሚመጡት ረጃጅም ቡሎኖች ግን የሚያስተማምኑ አይደሉም፤ አንደኛው ገና ሲጠብቅ ጭንቅላቱ ተላጠ። ወጣቱ ይህን አይቶ አራቱንም ጠንካራነታቸው በጭንቅላታቸው ላይ በተመታ ቁጥር በሚታወቅ ሌሎች ቡሎኖች ተካቸው። ዕቃውን ከሌላ ቦታ ገዝቶ ራሱ ለመግጠም የሚያስብ ሰው ካለ ቡሎኖቹ ወደ ጥርሱ ምን ያህል እንደሚገቡ ሳያይ እንዳይገጥመው እመክራለሁ። ቁመታቸው ከአማካይ በላይ ለሆኑና ቆመው ለሚነዱ ሰዎች ዕቃው ጥሩ ነው። ቁመቱ አጠር ላለ ነጂ ግን እጁን ወደ ትከሻው አቅጣጫ ከማንሣት በቀር አይረዳውም፤ ሻጩ ጋራዥ ይህንኑ ፊት ለፊት መናገሩ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ይህንን ያረጋገጥሁት በጤና ዘርፍ የምትሠራ ባልደረባችን ባጃጅ ቦክሰር የተባለውን ሞተር ሳይክሏን ይዛ በሄደች ጊዜ ነው። ቁራጮቹን ልትገዛ ነበር። ወጣቱ አስቀምጦ ካያት በኋላ «እህቴ፣ ገንዘብሽን አታውጪ፤ ችግሩ መሪው ላይ ሳይሆን መቀመጫው ላይ ነው» አላት። የመቀመጫው ስፖንጅ ከፊት በኩል ስላበጠ ወደ ኋላ እየገፋት፣ ከመሪው እያራቃት ነበር። ስፖንጁን የፊቱን ክፍል አስቀንሳ፣ መሪውን በጥቂቱ አስቀርባ ሄደች። ቦክሰር ቀድሞውንም ቀጥ ብሎ የሚያስቀምጥ ሞተር ስለሆነ በመሪው ላይ የሚቀረው ሥራ ትንሽ ነው፤ ዲቲንና የመሳሰሉትን ሰፊ መሪ ያላቸውን የገጠር ሞተሮች ለሚነዱ ግን ልዩነቱ ጎልቶ ይሰማል።

የአገልግሎቱ ጉድለቶችም አሉ። ጋራዡ የጥብቀት መለኪያ ቁልፍ የለውም። አምራቾች ለ8 ሚሊሜትር የመሪ ቡሎን በአብዛኛው ከ20 እስከ 28 ኒውተን ሜትር ያዝዛሉ፤ ወጣቱ ይህን የሚያደርገው በእጁ ልምድ ነው። እጁ የተካነ መሆኑን አልጠራጠርም፣ ሆኖም ሌላ ሠራተኛ በሚተካው ቀን ደንበኛው የሚተማመንበት ነገር አይኖርም። ረጃጅም የፍሪሲዮንና የነዳጅ መስጫ ገመዶችም በመደብሩ አይገኙም፤ መሪው ከፍ ሲል የፋብሪካው ገመድ ካልበቃ ገመዱ ከባሕር ዳር ወይም ከአዲስ አበባ እስኪመጣ መጠበቅ ነው፣ ያን ጊዜም ሞተሩን ሥራ ላይ ማዋል ስለማይቻል ቁራጮቹ ተፈትተው ይመለሳሉ። የመሥሪያ ቤት ሞተር ለሚያመጡ ደግሞ ሕጋዊ ደረሰኝ አለመስጠቱ ትልቅ እንቅፋት ነው፤ እኔም የከፈልሁት ከኪሴ ነው። ግቢው ወረፋ የሚጠብቁ ደንበኞች የሚጠለሉበት ጣራ ስለሌለው በሐምሌና በነሐሴ ከሰዓት በኋላ የሚሄድ ሰው ዝናቡን ቆሞ ይቀበላል።

ክፍያው ለማስተካከሉ ብቻ ከሆነ ዘይት ለማስለወጥ ከሚወጣው ያንሳል። ለዚያ ገንዘብ የሚገኘው ለውጥ ከጠበቅሁት በላይ ነው። በጣም የታወቀኝ ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ በሚወርደው ጠመዝማዛ ቁልቁለት ላይ ነበር። በዚያ መንገድ ሰውነት በራሱ ክብደት ወደ ፊት ይንሸራተታል፣ እጅም በአንድ ጊዜ ፍሬን ይዞ፣ መሪ አዙሮ፣ የላይኛውን አካል ተሸክሞ ይወርዳል። ክርኔ በጥቂቱ ታጥፎ መቀመጥ በመቻሉ ክብደቱን በጉልበቴ ታንኩን ጨብጬ ከእጄ ላይ ማውረድ ቻልሁ፤ ድልድዩ ጋ ስደርስ ጣቶቼ አልደነዘዙም ነበር። ትከሻዬ ላይ የነበረው ቃጠሎም ለቋል። የመዳፌ መንዘርዘር ግን ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ ዲቲ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ስለሆነ ንዝረቱን አቀማመጥ ብቻ አያስቀረውም፣ የተበላውን መጨበጫ ጎማ በወፈር ባለ ጎማ መተካት ይቀረኛል።

አገልግሎቱን የሚፈልግ ሰው የሚነዳበትን ጫማና ጃኬት አድርጎ፣ ጭነት የሚጭን ከሆነም ጭነቱን ይዞ ቢሄድ የሚለካው በእውነተኛው አቀማመጡ ይሆናል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የደረሰ ሰው ወረፋ ሳይጠብቅ ይስተናገዳል፤ ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ ግቢው ይጨናነቃል። ማስተካከያው ከተደረገ በኋላ በኮረኮንች ላይ አንድ ቀን ተነድቶ ቡሎኖቹ ዳግመኛ መታየት አለባቸው፤ ጋራዡ ይህን ያለ ክፍያ ይሠራል፣ በእኔም ላይ የኋላዎቹ ሁለቱ ትንሽ ላልተው ስለተገኙ ጠብቀውልኛል።